ያመጣ ይቅመስ

ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። ስንት ሺህ ልጅ እንዳበላች አታውቅም፤ የምታውቀው አንድም ቀን ሳትቀምስ ወደ ልጆቹ ያወጣችው ድስት እንደሌለ ነው። ጡረታ በወጣች በመጀመሪያው ሳምንት ቤቷን ከጣሪያ እስከ ወለል አጸዳች። በሁለተኛው ሳምንት የባሏን የሥራ ጠረጴዛ አጸዳች። ባሏ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አጉሊ መነጽሩን ዐይኑ ላይ ሰክቶ ይውላል። የአርባ ሰዓት ጥቃቅን ብሎኖች እያንዳንዳቸው በየሰዓታቸው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። እሷ ሁሉንም ሰብስባ፣ በመጠን በመጠናቸው ለይታ፣ በሦስት ብርጭቆ አስቀመጠችለት።

ሰዓት ሠሪው ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንቺዬ፣ ከቤት የሚያወጣ ነገር ብንፈልግልሽ ምን ይመስልሻል?» አላት።

«አባረርከኝ ማለት ነው?»

«እኔ ምን አቅም አለኝ። ብሎኖቹ ናቸው።»

በማግስቱ ወደ ምግብ ባንኩ ሄደች። ምግብ ባንክ የሚሉት ከከተማው ዳር ያለ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ሰው ከቤቱ ያመጣል፤ ሱቆች፣ ዳቦ ቤቶችና ፋብሪካዎች ይልካሉ። መጋዘኑ የመጣውን ይለያል፣ ይመዝናል፣ ያሽጋል። በሳምንት ሦስት ቀን በጎን በር ለተሰለፈ ሰው ያድላል፤ የቀረውን በሁለት የጭነት መኪና ለክልሉ ሌሎች ከተሞች ይልካል። አብዛኛው ሰው እዚያ የሚሠራው በነጻ ነው። ደመወዝተኞቹ ሥራ አስኪያጁ፣ ሁለቱ ሾፌሮችና ጥበቃው ብቻ ናቸው።

ሥራ አስኪያጁ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ማንንም የማያስቀይም ሰው ነው። ከዚያ መጋዘን አንዲት ብስኩት እንኳ ለራሱ ወስዶ አያውቅም። አንድ ድክመት ብቻ አለው፤ ቶን ይወዳል። ቢሮው ግድግዳ ላይ የየወሩን ገቢ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ሰቅሏል፤ ወር በገባ ቁጥር ወንበር ላይ ቆሞ በቀይ ቀለም ዐምድ ይስላል። ዐምዱ ካደገ ረሃብ ቀነሰ ማለት ነው። ካላደገ ያን ቀን ምሳ አይበላም። ሠራተኞቹ ከኋላው «አቶ ቶን» ይሉታል።

አቶ ቶን ሴትዮዋን አይቶ ዕድሜዋን ገመተና፣ ምንም ችሎታ አይጠይቅም ብሎ ያሰበውን ቦታ ሰጣት። «እትዬ፣ እርስዎ መረከቢያው በር ላይ ይቀመጡ። ሥራው ቀላል ነው። ያመጡትን መቀበል፣ መመዘን፣ አመስግኖ መሸኘት።»

«የመጣውን ሁሉ?»

«በነጻ ሲሰጡን እንዴት ብለን እንመርጣለን፣ እትዬ?»

በመጀመሪያው ሳምንት አልመረጠችም። አንድ ሰው ወረቀታቸው የተላጠ አሥራ ሰባት ቆርቆሮ አመጣና፣ «ውስጡ ምን እንዳለ እኔም አላውቅ። እነሱ ሲከፍቱት ያዩታል፣ እንደ ሎተሪ ነው» አላት። ሌላው ዐይኑን በጨው አጥቦ የውሻ ምግብ አመጣ። «ፕሮቲኑ ከሥጋ አያንስም» አለ። ስኳር ያለበት አንድ ባለጸጋ ሐኪም የከለከለውን ጣፋጭ በሙሉ በካርቶን ላከ፤ በበጎ አድራጎትና በቤት ጽዳት መካከል ያለው ልዩነት እንደጠፋበት ያስታውቃል። ከአንድ ትልቅ ሱቅ የመጣ የዱቄት ከረጢት ሲወርድ በራሱ የሚንቀሳቀስ መሰላት። ቀረብ ብላ ስታይ ነቀዝ ነው። ሁሉም ተመዘነ፣ ሁሉም ተመሰገነ፣ ሁሉም ቀዩ ዐምድ ውስጥ ገባ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የቆሻሻ መኪና ጓሮ መጥቶ ከመጋዘኑ ሲጭን አየች። ጥበቃውን ጠየቀችው።

«በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣው» አላት።

«ይሄ ሁሉ ሲጣል ታዲያ ምን ተብሎ ይጻፋል?»

«በበሩ የወጣ ሁሉ ‹የተሰራጨ› ነው የሚባለው፣ እትዬ። መኪናው ደግሞ የሚወጣው በዚሁ በር ነው።»

ያን ሳምንት መጨረሻ እናቷ ትዝ አለቻት። ትንሽ ልጅ ሳለች ጎርፍ ቤታቸውን ወስዶት እናትና ልጅ እንዲህ ያለ ሰልፍ ላይ ቆመው ነበር። እናቷ የተሰጣትን ዱቄት አቅፋ ፎቶ አነሷት፤ ፈገግ በዪ አሏት፣ ፈገግ አለች። ቤት ገብተው ሲያበስሉት ዱቄቱ ይመር ነበር። እናቷ ምንም ሳትናገር በላችው፤ ልጅቷም እናቷን እያየች በላች። ያ ምሬት አፏ ውስጥ ስንት ዓመት እንደቆየ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ሰኞ ጠዋት ከቤቷ የቆርቆሮ መክፈቻና ስድስት ማንኪያ ይዛ መጣች።

መጀመሪያ የመጣው ክራባት ያሰረ ሰው ነው፤ መኪናውን ሞተሩን ሳያጠፋ አቁሞ አንድ ካርቶን የቆርቆሮ ሾርባ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። አንዱን አንስታ አገላበጠችው።

«ይሄ እኮ ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ጌታዬ።»

«ቀኑን ለጥንቃቄ ነው የሚጽፉት። ምንም አይልም።»

«ይሁን» አለችና ከፈተችው። ማንኪያውን ጠራርጋ በሁለት እጇ በአክብሮት ዘረጋችለት። «እንግዲያው ይቅመሱልኝ።»

ሰውየው ማንኪያውን አየ፣ ሾርባውን አየ፣ ከኋላው የተሰለፉትን ሁለት ሰዎች አየ። «ቁርስ በልቼ ነው የወጣሁት።»

«አንዲት ማንኪያ ብቻ። ለነሱ ምን ብዬ እንደምሰጥ እንዳውቅ ነው።»

«ጨጓራ አለብኝ።»

«እነሱም አለባቸው።»

ሰውየው ካርቶኑን አቅፎ ወደ መኪናው ተመለሰ። ሞተሩን አለማጥፋቱ ጠቀመው። ከኋላው የነበረው ሽማግሌም ስልክ የተደወለለት መስሎ ውልቅ አለ። የቀረችው አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ከረጢት ዱቄት ይዛለች። ሳትለመን ቆንጠር አድርጋ አፏ ውስጥ ጨመረች። ፊቷ ፍም መሰለ።

«ሻግቷል» አለች። «እውነቱን ልንገርዎት? ቤቴ ውስጥ ቦታ ይዞብኝ ነው ያመጣሁት።»

«እግዜር ይስጥሽ» አለቻት ምግብ አብሳይዋ። ከዚያ በር ላይ እውነት ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

ልብስ ሰፊዋ በሳምንቱ ተመለሰች። አዲስ ዱቄት ይዛ ነበር። ከሄደች በኋላ መለስ ብላ፣ «ቆይ ግን፣ ምንድነው የሚጎድላችሁ?» ስትል ጠየቀች። መጋዘኑ ከተከፈተ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ምግብ አብሳይዋ ወደ ውስጥ ገብታ መደርደሪያዎቹን አየች። ሦስት መቶ ጠርሙስ ኮምጣጤ አለ። ዘይት የለም፣ ባቄላ የለም፣ ለሕፃን የሚሆን ወተት የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎደለውን በሰሌዳ ላይ ጽፋ በሩ ላይ አቆመች፤ ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «ያመጣ ይቅመስ» ብላ ጨመረችበት። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣች ዕቃ መለየት ጀመረች፤ ለደንበኞቿ ቀሚስ ስትለካ ሰሌዳው ላይ ያለውን ትነግራቸዋለች። መርፌ በአፏ ይዛ ለምትናገር ሴት እምቢ የሚል ደንበኛ አልተገኘም።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ሴትዮዋ «እትዬ ቅመሱ» የሚል ስም ወጣላት። «በለገስኩበት ተዋረድኩ» የሚል ደብዳቤ ለቢሮው ተጻፈ። አንዳንዱ ዘመዱ ሲቀምስ ለማየት ብሎ አብሮ ይመጣል። ግን የሚመጣው ነገር መልኩን ቀየረ። ከዳቦ ቤቱ የትናንት ሳይሆን የዛሬ ዳቦ መጣ። የአውቶቡስ ሾፌሮች ተነጋግረው በየወሩ ዘይት ማምጣት ጀመሩ። የቆሻሻ መኪናውም በሳምንት አንዴ ብቻ መምጣት ጀመረ።

የቀዩ ዐምድ ነገር ግን አቶ ቶንን አሳመመው። በሲሶ አጥሯል። ሴትዮዋን ቢሮ አስጠርቶ በጣቱ አሳያት።

«እትዬ፣ ይሄን ያዩታል? ረሃብ እያሸነፈን ነው።»

«ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ግን የተሰጠውን ይዞ ነው የሚሄደው። ቀድሞ እዚያው በሩ ላይ ጥሎት ይሄድ ነበር።»

«እሱን ማን ይመዝነዋል?» አላት። ከልቡ ነው የጠየቃት።

እንዲህ ቅስሙ ተሰብሮ ሳለ ነው ከአንድ ብስኩት ፋብሪካ ስልክ የተደወለለት። ፋብሪካው አሥራ ሁለት ቶን ሊለግስ ይፈልጋል። አቶ ቶን ስልኩን እንደዘጋ ወንበር ላይ ወጥቶ ቀዩ ዐምድ የት ድረስ እንደሚደርስ በእጁ ለካ። ሰንጠረዡ አይበቃም። ወረቀት በማጣበቂያ መቀጠል ያስፈልጋል።

ብስኩቱ የክብደት መቀነሻ ብስኩት ነበር። ካርቶኑ ላይ ወገቧ በአንድ እጅ የሚጨበጥ ሴት ተሥላለች፤ ከሥሯ «ሁለት ይብሉ፣ ምሳዎን ይርሱ» ይላል። ሆድ ውስጥ ገብቶ ውሃ ሲያገኝ እንዲያብጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። ያልተሸጠበት ምክንያት ግን ጣዕሙ ነው።

«ለተራበ ሰው?» አለች እትዬ ቅመሱ ካርቶኑን ስታይ።

«ጊዜው አላለፈም፤ ሁለት ዓመት ይቀረዋል» አለ አቶ ቶን። «አደራ እትዬ፣ በርክክቡ ቀን ማንኪያ እንዳላይ።»

«ብስኩት በማንኪያ አይበላም።»

የርክክቡ ቀን በመጋዘኑ ግቢ ድንኳን ተጣለ። እንግዶቹ ከጥላው ሥር በለስላሳ ወንበር ተቀመጡ። ከሰልፈኞቹ አርባ ሰዎች ተመርጠው ፀሐይ ላይ አግዳሚ ተሰጣቸው፤ ሥራቸው ማጨብጨብ ነበር። ድንኳኑ ጥግ ለእንግዶቹ ምሳ ተዘጋጅቷል፤ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ሰላጣ፣ ፍራፍሬ። ነፋሱ ሽታውን በቀጥታ ወደ አግዳሚው ይወስደው ነበር።

የፋብሪካው ባለቤት ቦርጩ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ፓኬት በካሜራ ፊት ለእትዬ ቅመሱ አስረከበ። እሷም ተቀብላ ከፈተችና አንዱን አውጥታ በሁለት እጇ መለሰችለት።

«ደንባችን ነው፣ ጌታዬ። ያመጣ ይቅመስ።»

ድምፅ ማጉያው ቅርብ ስለነበር ሁሉም ሰማ። የአቶ ቶን ግንባር ነጭ ላብ አወጣ። ባለቤቱ ግን ሣቅ ብሎ በላ። ፎቶ አንሺዎቹ ወደዱት። አንዱ፣ «ይቅርታ፣ ጥላ ሆኖብናል፣ ወደዚህ ዞር ብለው ይድገሙልን» አለው። ደገመ። ሌላው ዘግይቶ ስለመጣ ሦስተኛ በላ። ይሄን ጊዜ ሌሎቹ እንግዶች መበለጥ አልወደዱም። የከንቲባው ተወካይ ተነሥተው ሁለት በሉ፣ ከተረጂው ጋር መተባበራቸውን ለማሳየት ሦስተኛ አከሉ። ከዚያ የነጋዴዎች ማኅበር ሰብሳቢ፣ ከዚያ ሚስቱ፣ ከዚያ መላው የፊት ረድፍ። ብስኩቱ እንደ ጠመኔ ደረቅ ስለሆነ ሁሉም በላዩ ውሃ ጠጣ።

ባለቤቱ ንግግሩን ጀመረ። «ረሃብ» አለና ቆመ። «ረሃብ የሁላችንም...» አለና የኮቱን ቁልፍ ፈታ። ወረቀቱን አየ፣ ሆዱን አየ። «በአጠቃላይ አመሰግናለሁ» ብሎ ተቀመጠ።

ለምሳ ተጠሩ። እንግዶቹ ሰሐን ይዘው በምግቡ ዙሪያ ቆሙ፤ ፊታቸው ባሕር ላይ የሚናወጥ ሰው ፊት ይመስላል። የሰብሳቢው ሚስት አንዲት የሰላጣ ቅጠል አነሳችና መልሳ አስቀመጠቻት። ተወካዩ አስቸኳይ ስብሰባ እንዳለባቸው ትዝ አላቸው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ባዶ ሆነ፤ ምግቡ እንደተከመረ ቀረ።

አቶ ቶን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። እትዬ ቅመሱ ወደ አግዳሚው ዞር አለችና፣ «ኑ፣ ቀረብ በሉ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለች። አርባው ሰው በላ። አንድ አዛውንት ሁለተኛ ዶሮ ይዘው፣ የሚቀጥለው ርክክብ መቼ እንደሆነ አቶ ቶንን በትሕትና ጠየቁት።

ቀዩ ዐምድ ከሰንጠረዡ አልፎ ጣሪያ ነካ። ብስኩቱም መታደል ጀመረ። ብዙው ሰው ወስዶ መለሰው። ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በሰው ቤት ልብስ እያጠበች ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ጎን በሩ ላይ መጥታ ተጨማሪ ጠየቀች። አቶ ቶን በአጋጣሚ እዚያው ነበር፤ ፊቱ በራ።

«ልጆቹ ወደዱት አይደል?»

«ኸረ አይወዱትም» አለች ሴትዮዋ። «ጠዋት ሁለት ሁለት ሰጥቼ ውሃ ሳጠጣቸው ግን ቀኑን ሙሉ ምግብ አይጠይቁኝም። ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እኔም ሐሳብ ሳይገባኝ ሥራዬን እሠራለሁ።»

«ዕድሜያቸው ስንት ነው?»

«አራትና ስድስት።»

አቶ ቶን ብዕሩን ከኪሱ አወጣ፣ የሚጽፈው ስለሌለ መለሰው። እትዬ ቅመሱ ወለል ወለሉን ታያለች።

«ብስኩቱን አይስጧት» አላት በመጨረሻ። «ሩዝና ባቄላ ይስጧት።»

«ሩዝ አለ። ባቄላ ካለቀ ሦስት ቀን ሆኖታል።»

ያን ቀን አቶ ቶን ለፋብሪካው ደብዳቤ ጻፈ፤ ብስኩቱን ይውሰዱልን፣ በምትኩ ሌላ ነገር ይስጡን አለ። መልሱ በመስታወት ክፈፍ የገባ የምስጋና ወረቀት ሆኖ መጣ። ፋብሪካው ለበጎነቱ ራሱን አመስግኖ ነበር።

ከመጋዘኑ ማዶ ባለ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የስፖርት ቤት አለ። በመስኮቱ በኩል ቀኑን ሙሉ በማሽን ላይ እየሮጡ የትም የማይደርሱ ሰዎች ይታያሉ። እትዬ ቅመሱ ብዙ ወር ስታያቸው ኖራ፣ አንድ ጠዋት አቶ ቶንን እጁን ያዘችውና፣ «ልጄ፣ ካርቶን ያዝና ተከተለኝ» አለችው።

አሠልጣኙ ክንዱ የሰው ጭን የሚያህል ወጣት ነው። ካርቶኑን አንብቦ ዐይኑ ፈጠጠ። «ይሄን እኮ ደንበኞቼ ሲፈልጉ ነው የከረሙት። ዋጋው እንዴት ነው?»

አቶ ቶን መልስ ሊሰጥ ሲል እትዬ ቅመሱ ቀደመችው። «አይሸጥም። በባቄላ ነው የሚለወጠው። ኪሎ በኪሎ። ባቄላውን ራሳቸው ተሸክመው ያምጡ።»

«በትከሻ?»

«ስፖርት አይደል የሚፈልጉት?»

አሠልጣኙ አሰበበትና ለባቄላ መሸከም የተለየ ክፍለ ጊዜ አወጣለት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር፣ የስፖርት ልብስ የለበሱ ባለቦርጭ ሰዎች ባቄላ በትከሻቸው ተሸክመው እያለከለኩ መንገዱን ሲያቋርጡ ዋሉ። እትዬ ቅመሱ በሩ ላይ ሆና አንዲት ፍሬ ትነክስና፣ ነቀዝ ካለው መልሳ ታሸክማቸዋለች። አንዳንዶቹ እውነትም ቀጠኑ። አሠልጣኙ ከብስኩቱ ነው አለ፤ እሷ ከጭነቱ ነው አለች። አሥራ ሁለቱ ቶን አለቀ። ሰልፉ ላይ ያሉት ባቄላ ወሰዱ፤ ልብስ አጣቢዋም ወሰደች። የፋብሪካው ባለቤት ይህን ሰማና ጋዜጣ ላይ «አዲስ የልውውጥ ዘዴ ፈጠርን» ብሎ ተናገረ፤ በዓመቱ ተሸለመ።

አቶ ቶን ቢሮው ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ አሰበ። ብስኩቱ አስቀድሞ ተመዝግቧል፤ ባቄላውን ድጋሚ ልመዝግብ ወይስ ልተው? መዘገበው። የኖረበት ፍቅር ነውና በአንድ ጊዜ አይለቅም። ግን ከሰንጠረዡ አጠገብ ሌላ ወረቀት ለጠፈ። እዚያ ላይ በጎን በር ባዶ እጁን የተመለሰውን ሰው ቁጥር በሰማያዊ ይጽፍበታል። ያን ዐምድ ማሳጠር ከማስረዘም ይልቅ እንደሚከብድ ቶሎ ገባው።

አንድ ሐሙስ ባቄላውም ሩዙም ሲያልቅ አሥራ አራት ሰዎች ሰልፉ ላይ ነበሩ። እትዬ ቅመሱ ወጥታ እውነቱን ነገረቻቸው፤ የቀረውን ዳቦ አካፈለችና ነገ ጠዋት ከሁሉ በፊት እንዲመጡ ለመነቻቸው። አቶ ቶን ቁጥሩን ራሱ ጻፈ። ቤቷ ስትገባ ባሏ ሰዓቱን አስቀምጦ አያት።

«ምን ሆንሽ?»

«አሥራ አራት ሰው መለስኩ።»

«ነገስ?»

«ልብስ ሰፊዋ ሰፈሯን ልታስቸግር ሄዳለች። ሾፌሩ በጠዋት ዳቦ ቤት ያልፋል። የሚሆነውን እናያለን።»

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ በጋሪ ሩዝ እያስገፋች መጣች። ከአሥራ አራቱ አሥራ ሦስቱ መጡ። የቀሩት እኚያ በርክክቡ ቀን ዶሮ የደገሙት አዛውንት ነበሩ። እትዬ ቅመሱና ልብስ ሰፊዋ ቤታቸውን አፈላልገው ሄዱ። አዛውንቱ ጉንፋን ይዟቸው ተኝተዋል፤ ከእንግዲህ እደላው የቀረ መስሏቸው ነበር። ሴቶቹ ምድጃ ለኮሱ፣ ሩዙን ቀቀሉ፣ ትራሳቸውን ቀና አደረጉላቸው። በልተው እስኪጨርሱ አብረዋቸው ተቀመጡ፤ ከዚያ ድስቱን አጥበው፣ የቀረውን ሩዝ በሚደርሱበት ቦታ አኑረው ወጡ።